ከመቁጠር በፊት፦ በነጻ ካርታ ላይ ለምትመራመሩ ወጣቶች

ማንም ሰው ሊያርመውና ሊጠቀምበት የሚችለውን ነጻ የዓለም ካርታ፣ ኦፕንስትሪትማፕን፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርዕስ ላደረጋችሁ፣ ወይም ለማድረግ ለምታስቡ ሁሉ ይድረስ።

አብዛኞቻችሁ የምትጀምሩት "ይህ ካርታ ምን ያህል ትክክል ነው?" ብላችሁ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ግን አርጅቷል። ስቲቭ ኮስት ፕሮጀክቱን በ2004 እንግሊዝ ውስጥ ከጀመረው ወዲህ (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የመጀመሪያው ትውልድ ተመራማሪ የደከመው በዚሁ ላይ ነበር። ማይክል ጉድቻይልድ ተራ ሰዎች በፈቃዳቸው የሚያዋጡትን የጂኦግራፊ መረጃ በ2007 ራሱን የቻለ የጥናት ጉዳይ አደረገው። ሙኪ ሃክሌይ በ2010 የእንግሊዝን መንገዶች ከብሔራዊው የካርታ ድርጅት መረጃ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱ በአማካይ ስድስት ሜትር ገደማ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት ዢሬስና ቱያ ለፈረንሳይ ተመሳሳይ ሥራ ሠሩ። የሃክሌይን ጥናት የሚጠቅሱ ብዙዎች ስድስቷን ሜትር ብቻ ይዘው ይሄዳሉ። የጥናቱ ክብደት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ሽፋኑ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ፣ ድሃ አካባቢዎች ከሀብታሞቹ ያነሰ እንደተሣሉ በማሳየቱ ነው።

እናንተ "ትክክል ነው ወይ?" ከማለት "ለየትኛው ሥራ፣ የት ቦታ ይበቃል?" በሉ። ለዓይን የተነካኩ የሚመስሉ ሁለት መንገዶች የጋራ ነጥብ ከሌላቸው፣ አቀማመጣቸው ምንም ያህል ቢያምር መንገድ ፈላጊ ሶፍትዌር ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍ አይችልም። የሕዝብ ብዛት ለመገመት ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ግንኙነት ምኑም አይደለም፤ እሱ የሚያስፈልገው ሕንጻዎቹ ሳይጓደሉ መሣላቸው ነው። አይኤስኦ 19157 የሚባለው የጥራት መመዘኛ ሙላትን፣ የአቀማመጥ ትክክለኛነትን፣ የምደባ ትክክለኛነትን፣ ወቅታዊነትንና ውስጣዊ ወጥነትን ለይቶ ያስቀምጣል። ከነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ያዙ። አምስቱንም በአንድ ጽሑፍ እለካለሁ ያለ አንዱንም ሳይለካ ይጨርሳል።

አሁን ወደ ዳታው። በዳታቤዙ ውስጥ ያሉት ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው። ኖድ ኬክሮስና ኬንትሮስ ያለው ነጥብ ነው። ዌይ ኖዶችን በተራ የሚያያይዝ መስመር ሲሆን አንዱ ከ2000 ኖድ በላይ አይዝም። ሪሌሽን ደግሞ እነዚህን በቡድን ያስተሳስራል፤ የአውቶቡስ መስመር፣ የአስተዳደር ወሰን፣ መሃሉ ክፍት ግቢ የሆነ ትልቅ ሕንጻ በዚህ ይገለጻሉ። ሕንጻ ስታወጡ ዌዮችን ብቻ ከጠየቃችሁ እነዚያ ግቢ ያላቸው ሕንጻዎች ይቀሩባችኋል፤ ብዙ ጊዜ ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶች ከነሱ ውስጥ ስለሆኑ ጉድለቱ ትንሽ አይደለም። የነገሩን ምንነት የሚናገረው ታግ ነው፤ ቁልፍና ዋጋ ያለው አጭር ጽሑፍ። ታግን ከላይ የሚያዝ አካል የለም፤ በውይይትና በልማድ የጸና ነው። ስለዚህ አንዱ ታግ በሁለት አገሮች፣ ወይም በ2009 እና በ2019፣ ለተለያየ ነገር ሊውል ይችላል። የታጎችን አጠቃቀም በቁጥር በሚያሳየው ታግኢንፎ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ሳታዩ ምደባ አትጀምሩ።

በለውጥ ታሪክ ላይ የምትሠሩ ቆም በሉ፤ ከሁሉ የከፋው ስህተት ያለው እዚህ ነው። እያንዳንዱ ነገር የቨርዥን ቁጥርና የመጨረሻ ለውጥ ጊዜ አለው። ሆኖም የዌይ ቨርዥን የሚጨምረው ታጉ ወይም የኖዶቹ ዝርዝር ሲለወጥ ብቻ ነው። አንድ ሰው ኖዶቹን እየጎተተ የመንገዱን ቅርጽ ሙሉ በሙሉ ቢያስተካክል፣ ዌዩ በቨርዥን 1 እና በድሮው ቀን ተቀምጦ ይቀራል። ስለዚህ "ይህ መንገድ ለመጨረሻ ጊዜ የተነካው መቼ ነው?" ስትሉ የዌዩንም የኖዶቹንም ጊዜ ወስዳችሁ የቅርቡን ያዙ። በተቃራኒው ደግሞ በጅምላ የሚደረግ የአንድ ፊደል እርማት በሺህ የሚቆጠሩ ዌዮችን ቨርዥን ከፍ ያደርጋል። ከፍተኛ ቨርዥንን የጥራት ምልክት አድርጎ የሚያነብ ሞዴል ሁለቱንም አያይም።

ሁለተኛው ወጥመድ መቆረጥ ነው። ድልድይ ለማመልከት ወይም የፍጥነት ገደብ ለመጨመር አንድ መንገድ ሲቆረጥ፣ አንዱ ቁራጭ የቀድሞ መለያ ቁጥሩን ይዞ ይቀጥላል፤ ሌላው አዲስ ቁጥርና ቨርዥን 1 ያገኛል። በዳታው ውስጥ ቆራጩ አዲስ መንገድ የሣለ ይመስላል፤ መጀመሪያ የሣለው ሰው ከዚያ ቁራጭ ታሪክ ይጠፋል። "ብዙ ሰው የነካው የተሻለ ነው" የሚለውን መላምት በመለያ ቁጥር ብቻ የምትፈትኑ ከሆነ ውጤታችሁ በዚህ ይዛባል። መፍትሔው በመለያ ቁጥር ሳይሆን በቦታ መቁጠር ነው። አካባቢውን በእኩል ሴሎች ከፍላችሁ በሁለት ቀኖች የነበረውን ቅርጽ አስተያዩ። ሃይደልበርግ ያሉ ተመራማሪዎች የሠሩት ኦሶም የሚባለው መሣሪያ በየትኛውም ቅጽበት የነበረውን ቅርጽ መልሶ ስለሚሰጥ ድካሙን ያቀልላችኋል።

ግራፍ ስትሠሩ ድንገተኛ ዝላይ ካያችሁ ደስ አይበላችሁ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የፈቃደኞች መነቃቃት አይደለም። በ2007 እና በ2008 የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የመንገድ መረጃ በፕሮግራም ተጭኗል፤ የዚያን ጊዜ የአሜሪካ "እድገት" የዚህ ሥራ ነው። ሄይቲን ጥር 12 ቀን 2010 የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በውጭ ያሉ ፈቃደኞች ፖርት ኦ ፕራንስን ከሳተላይት ምስል በአጭር ጊዜ እንዲሥሉ አደረገ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢንግ የሚባለው የማይክሮሶፍት ካርታ የአየርና የሳተላይት ምስሎች ለሣዮች ተፈቀዱና ወደ ቦታው ሳይሄዱ መሣል በብዙ ቦታ ተስፋፋ። በ2012 የዳታው ፈቃድ ኦዲቢኤል ወደሚባለው ክፍት የዳታቤዝ ፈቃድ ሲቀየር ያልተስማሙ ሰዎች ሥራ ተወግዷል፤ በዚያ ዓመት በአንዳንድ ቦታ የሚታየው መውረድ የአጥፊዎች ሥራ አይደለም። በኋላ ደግሞ የትልልቅ ኩባንያዎች ደመወዝተኛ ቡድኖች ገቡ፤ ለተደራጀ አርትዖት መመሪያ የወጣው በ2018 ነው። ስለዚህ ለጥናት አካባቢያችሁ በየቀኑ የተደረገውን ለውጥ ሥላችሁ ሃያዎቹን ትልልቅ ቼንጅሴቶች (አንድ ሰው በአንድነት የሚልካቸውን የለውጥ ጥቅሎች) አውጡ፤ አስተያየታቸውን፣ የምንጭ ታጋቸውንና ሃሽታጋቸውን አንድ በአንድ በዓይናችሁ አንብቡ። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው። ይህ ሳይደረግ የተገነባ የስታቲስቲክስ ሞዴል በእኔ ሚዛን ገና አልተጀመረም።

ከማጣቀሻ መረጃ፣ ለምሳሌ ከመንግሥታዊ ካርታ፣ ጋር ስታወዳድሩ የሚበቃችሁ ቀላል ዘዴ አለ። በማጣቀሻው መንገድ ግራና ቀኝ የተወሰነ ስፋት ያለው ቀጠና አበጁ፤ ከሚፈተነው መስመር ርዝመት ስንት በመቶው በውስጡ እንደወደቀ ለኩ። አንድ ስፋት ብቻ አትምረጡ፤ በ2፣ በ5፣ በ10 እና በ20 ሜትር ሠርታችሁ ኩርባውን አሳዩ። ከዚያ በፊት ሁለቱንም ለአካባቢው በሚስማማ ፕሮጀክሽን (ክቡን ምድር በጠፍጣፋ ላይ በሚያስቀምጥ ስሌት) ወደ ሜትር ቀይሩ። በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ የኬንትሮስ አንድ ዲግሪ ርዝመቱ በምድር ወገብ ላይ ካለው ግማሽ ያህል ነው፤ የድረ ገጽ ካርታዎች የሚጠቀሙበት መርኬተር የሚባለው ፕሮጀክሽን ደግሞ እዚያው ኬክሮስ ላይ ርዝመትን በእጥፍ፣ የቦታ ስፋትን በአራት እጥፍ ያሳብጣል። ርዝመት ስትደምሩ በመሃል አካፋይ ያለው አውራ ጎዳና ለየአቅጣጫው አንድ፣ በድምሩ ሁለት መስመር ሆኖ እንደሚሣል አስታውሱ። ማጣቀሻው አንድ መስመር ብቻ ከሣለ "ሙላቱ 110 በመቶ" የሚል አስቂኝ ውጤት ይወጣል፤ ከሱ የሚብሰው ግን እጥፉ ጉድለቱን ሸፍኖ ልክ 100 ሲሆን ነው። ሕንጻም እንዲሁ ነው፤ ተያይዘው የተሠሩ ቤቶች በአንዱ ዳታ አንድ፣ በሌላው አሥራ ሁለት ሊሆኑ ስለሚችሉ ቁጥርን ብቻ ሳይሆን የወለል ስፋትንም አወዳድሩ። ማጣቀሻውም ቢሆን ዕድሜ አለው። በናሙና ወስዳችሁ በቅርብ ምስል ካያችሁት፣ ስህተተኛው መንግሥታዊው መረጃ የሆነባቸውን ቦታዎች ታገኛላችሁ።

ማጣቀሻ በሌለበት የእድገት ኩርባን ማየት የተለመደ ነው፤ አዲስ የሚጨመረው መንገድ እየቀነሰ ከሄደ ካርታው ወደ ሙላት ተጠግቷል ይባላል። ባሪንግተን ሊ እና ሚላርድ ቦል በ2017 ይህንን ከናሙና ምልከታ ጋር አጣምረው የዓለም መንገዶች 83 በመቶ ያህል ተሥለዋል ብለው ገምተዋል። ናሙናውን አትዝለሉት። ኩርባ የሚተኛው መንገዱ ሲያልቅ ብቻ ሳይሆን ሣዩ ሲተወውም ነው።

ዳታውን ስለማግኘት ብዙ አልልም። ለአንድ ሰፈር ኦቨርፓስ የሚባለው የዳታ መጠየቂያ አገልግሎት ይበቃል፤ ለአገር ጂኦፋብሪክ ከሚባለው ድረ ገጽ የአገሩን ቁራጭ ፋይል አውርዱ፤ ለታሪክ ሙሉ የታሪክ ፋይሉን ወስዳችሁ ኦስሚየም በሚባለው ሶፍትዌር ቁረጡ። አድራሻን ወደ ቦታ በሚቀይረው በኖሚናቲም የጋራ ሰርቨር ላይ ከፍተኛው በሴኮንድ አንድ ጥያቄ ነው፤ አሥር ሺህ አድራሻ ካላችሁ የራሳችሁን ትከሉ። ዳታቤዙ በየደቂቃው ስለሚለወጥ የፋይሉን ቀንና ሰዓት በጽሑፋችሁ ውስጥ መዝግቡ፤ "በመጋቢት የወረደ" ማለት አይበቃም። ኦኤስኤምኤንኤክስ በሚባለው የፓይተን ሶፍትዌር የመንገድ መረብ የምትተነትኑ ደግሞ መገናኛዎቹን እንዴት እንዳቃለላችሁ ጻፉ፤ ሁለት ባለ አካፋይ ጎዳናዎች የሚሻገሩበት አንድ መስቀለኛ ካልተዋሃደ አራት ሆኖ ይቆጠራል።

ስለ ሰዎቹ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ኒስና ዚፍ በ2012 ባወጡት ጥናት ከተመዘገቡት አባላት ቢያንስ አንድ ጊዜ ያረሙት 38 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ "ተጠቃሚ" ስትሉ የትኛውን እንደሆነ ግለጹ። የተጠቃሚ ስም ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም፤ ብዙ አርትዖት ያደረገበት ቦታም መኖሪያው ላይሆን ይችላል። ስም ያለበትን ሰንጠረዥ አታትሙ፤ በጂኦፋብሪክም ከ2018 ጀምሮ የተጠቃሚ መረጃ የያዙት ፋይሎች በኦፕንስትሪትማፕ አካውንት ሳይገቡ አይገኙም። የካርታው ማኅበረሰብ ስህተትን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያርም ለማየት ብላችሁ ሆን ብላችሁ የሐሰት ነገር በቀጥታው ዳታቤዝ ላይ አታስገቡ። ያ ምርምር አይደለም፤ የሌላውን ሰው ሥራ ማበላሸት ነው። ለሶፍትዌር ሙከራ የተለየ የሙከራ ሰርቨር አለ፤ ለመታረም ፍጥነት ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ቀድሞ የተከሰቱና የተመለሱ ስህተቶች ሞልተዋል።

በመጨረሻ ፈቃዱ። ከዳታው የሠራችሁትን ምስል በፈለጋችሁት ፈቃድ ማተም ትችላላችሁ፤ የኦፕንስትሪትማፕ አስተዋጽዖ አድራጊዎችን ግን መጥቀስ ግዴታ ነው። የተሻሻለ ወይም ከሌላ ጋር የተዋሃደ ዳታቤዝ ለሕዝብ ስትለቁ ግን እሱም በኦዲቢኤል መለቀቅ አለበት። ስለዚህ ዝግ ፈቃድ ካለው ማጣቀሻ ጋር ከማዋሃዳችሁ በፊት የሁለቱንም ፈቃድ ከአማካሪያችሁ ጋር አንብቡ፤ ግጭቱ በመጨረሻው ወር ከተገኘ የዳታ አባሪያችሁ ሳይወጣ ይቀራል። በማወዳደሩ ወቅት ካርታው ላይ የሌሉ መንገዶች ሲገኙም ከዝግ ማጣቀሻው ቀድታችሁ አታስገቡ። ዝርዝሩን ለአካባቢው ሣዮች ለመስጠት ከፈለጋችሁ "እዚህ ሴል ውስጥ የጎደለ አለ" ብላችሁ ቦታውን በጅምላ ጠቁሙ፤ መስመሩን እነሱ ከተፈቀደ ምስል ወይም በእግራቸው ሄደው ይሥሉታል።