ለ22 ወር ልጅ እርሳስ አያያዝ አታስተምሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት፣ ልጆቹ ይተኙ ብዬ ነው ያዘገየሁት። ልጅሽ 22 ወሩ ነው። ከለር ስትሰጪው በመዳፉ ጭብጥ አድርጎ ይይዘዋል፣ ሁለቴ ጫር ጫር ያደርግና ይወረውረዋል፣ አንዴ በቀኙ አንዴ በግራው ነው። የጎረቤትሽ ልጅ ግን በዚሁ ዕድሜዋ ቁጭ ብላ ትስላለች። ባለቤትሽ ደግሞ ተማሪ እያለ በእጅ ጽሑፉ የተነሳ ብዙ ተገርፏል፣ እስከ ዛሬ ባንክ ሄዶ ፎርም መሙላት ይጨንቀዋል። «ልጄም እንደ አባቱ ሊሆን ይሆን? ከአሁኑ እርሳስ አያያዝ ብጀምርለት ይሻላል?» ነው ያልሽው።

አትጀምሪለት። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ ይረዝማል ግን ታገሺኝ።

የመጀመሪያ ልጄ አሁን 11 ዓመቱ ነው። የመጻፍ ችግር አለበት። ስንፍና አይደለም፣ ባለሙያ አይቶት ዲስግራፊያ ነው ብሎናል። ስለዚህ «ልጅ አይደል፣ ሲያድግ ይተወዋል» ብዬ ላባብልሽ አልመጣሁም። እኔም እንዳንቺ ማታ ማታ ስልኬን ይዤ ስፈልግ ያደርኩ ነኝ። ያኔ ግን ችግሩን የምፈልገው በሌለበት ቦታ ነበር።

በመዳፍ ጨብጦ መያዝ የ22 ወር ልጅ ትክክለኛ አያያዝ ነው። ልጅ እጁን ማዘዝ የሚጀምረው ከትከሻው ነው፣ ከዚያ ክርኑ፣ ከዚያ አንጓው፣ ጣቶቹ መጨረሻ ላይ ናቸው። ከ2 እስከ 3 ዓመቱ ባለው ጊዜ መዳፉን ወደ ታች ገልብጦ በጣቶቹ መያዝ ይጀምራል፣ እንደ እኛ በሦስት ጣት መያዙ ግን በአብዛኛው ልጅ ላይ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ነው የሚረጋው። የልጄን እጅ ያየችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የነገረችኝን አልረሳውም። የእጅ አንጓ 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉት። ልጅ ሲወለድ አንዳቸውም ገና አልጠነከሩም፣ በ2 ዓመቱ ራጅ ቢነሳ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ብቻ ናቸው የሚታዩት፣ የመጨረሻው የሚጠነክረው ወደ 10 ዓመቱ አካባቢ ነው። ይህን ስሰማ አለቀስኩ። እኔ ያንን እጅ በ3 ዓመቱ ይዤ ገጽ ሙሉ አስጽፌበታለሁ።

ቀኝና ግራ መቀያየሩም አያስጨንቅሽ። የሚመርጠው እጅ ቀስ ብሎ ነው የሚለየው፣ አንዳንዱ እስከ 5 ዓመቱ ይቆያል። ግራኝ ከሆነም ይሁን፣ በግድ ወደ ቀኝ አትመልሺው። የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው። ገና ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀም፣ ሌላውን ጨብጦ የሚተው ልጅ ቶሎ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አሁን ወደ ፊደሉ ልምጣ። ልጆች ቅርጽ አይተው የሚስሉበት የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ወደ 2 ዓመት ላይ ቀጥ ያለ መስመር፣ 3 ላይ ክብ፣ 4 ላይ መስቀል፣ አራት ማዕዘን ወደ 5 ሲጠጋ፣ ሦስት ማዕዘን ከ5 በኋላ። አንዱ ይቀድማል አንዱ ይዘገያል፣ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው። ይህን ይዘሽ የፊደል ገበታውን እዪው። ዐ ክብ ናት። ተ መስቀል ናት። በ ግን ማዕዘን አላት፣ ሁለት እግሮቿም እኩል መውረድ አለባቸው። መ ሁለት ክብ ተያይዞ ነው። ከዚያ ካዕቡ ወገቡ ላይ ጭረት፣ ሳልሱ እግሩ ሥር፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት። 33 በሰባት ሲባዛ 231 ነው፣ ልዩነታቸው ደግሞ አንዳንዴ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነገር ናት። ገና መስቀል መሥራት ያልቻለን የ3 ዓመት ልጅ «ከበ እስከ ቦ ጽፈህ ና» ማለት ጥርስ ሳያበቅል አጥንት ጋጥ እንደማለት ነው። አያቴ የቄስ ትምህርት ቤት ነው ያደጉት። የኔታ ፊት ቁጭ ብለው ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆሙ ያነቡ ነበር፣ ዳዊትም ደግመዋል፣ እርሳስ የያዙት ግን ከዚያ ብዙ ዘግይተው ነው። መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፣ ከንባብ ጋር አንድ ላይ አይጫንም ነበር።

የእኔ ልጅ በ3 ዓመቱ ኬጂ ገባ። የትምህርት ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ማታ ማታ የቤት ሥራው አንድ ገጽ ሀ፣ አንድ ገጽ የእንግሊዝኛው ኤ ነበር። እጁን በእጄ ይዤ አስጽፈዋለሁ፣ ያለቅሳል፣ እቆጣለሁ፣ በላጲስ እናጠፋለን፣ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ እንደገና። አንደኛ ክፍል ሲደርስ ደብተር ሲያይ ሆዱን ያመዋል። ሦስተኛ ክፍል ላይ በቃሉ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳሽን ትምህርት ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ይጽፍልሽና ያንኑ ራሱ መልሶ ማንበብ ያቅተዋል። ያኔ ነው ለምርመራ የወሰድነው። በ2 ዓመቱ ብንወስደውም የሚታወቅ ነገር አልነበረም፣ ምክንያቱም ዲስግራፊያ የሚባለው ልጁ መጻፍን በአግባቡ ተምሮ፣ በቂ ጊዜ ተሰጥቶት፣ ያም ሆኖ ሲያቅተው ነው። ከአሁኑ እነግርሻለሁ የሚል ሰው ካለ ገንዘብሽን አትስጪው።

እርሳሱን ቶሎ ባላስይዘው ኖሮ ችግሩ ይቀርለት ነበር አልልሽም። ይሄ ነገር በቤተሰብ ይሄዳል፣ የእኔም ባል እንዳንቺው ባል ነው። ልጃችን ሲመረመር አብሮኝ ተቀምጦ ሰምቶ፣ መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ «እኔም ደደብ አልነበርኩም ማለት ነው» አለኝ። ልጁ ላይ ግን አብሮት በተወለደው ላይ እኛ ፍርሃት ጨመርንበት። እጁ በልምምድ ተሻሽሏል፣ አንዷ መምህሩ በቃል እየጠየቀች ትፈትነዋለች፣ በስልክ አማርኛ መጻፍም ለምዷል። ፍርሃቱን ነው እስካሁን ያልጨረስነው።

ታናሽ እህቱን በሌላ መንገድ አሳደግኳት። እስከ 5 ዓመቷ ጻፊ ብያት አላውቅም። እጇ ግን ሥራ አይፈታም ነበር። ዳቦ ሳቦካ ከሊጡ ቆርሼ እሰጣታለሁ፣ ትጠፈጥፋለች፣ ታድቦለቡላለች። ጎመን ስቀነጥስ አብራኝ ትቀነጥሳለች፣ ከፍ ስትል እሸት ሽምብራ ፈልፍላለች። የአንቺ ልጅ ገና ነውና ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ የመሰለ ነገር እንዳትሰጪው፣ ያንቃል። ለእሱ ሊጡ፣ ውሃ ከስኒ ወደ ስኒ መገልበጡ፣ ጫማውን ራሱ ማውለቁ ይበቃዋል። ደግሞ በእጁ ይብላ። ልብሱ እንዳይቆሽሽ ብለን እስከ 4 ዓመት የምናጎርስ ብዙ ነን፣ እንጀራ ቆርሶ ወጥ መጠቅለል ግን ለእነዚያ ሦስት ጣቶች ትልቅ ልምምድ ነው። መሞነጫጨር ከፈለገ ጠመኔ ለሁለት ሰብረሽ ስጪውና አጠገቡ ሁኚ። አጭር ቁራጭ በመዳፍ ለመጨበጥ አይመችም፣ ጣቶቹ ራሳቸው አያያዙን ያገኙታል። ቆሞ በር ወይም ግድግዳ ላይ ቢጭር ደግሞ ክንዱም ይጠነክራል።

የአባቱ ታሪክ ስላለ መከታተሉ አይከፋም፣ ግን ከእርሳሱ በፊት ቋንቋውን ተከታተዪ። ንግግሩ በጣም የዘገየ ልጅ ነው በኋላ በንባብና በጽሑፍ የመቸገር ዕድሉ ከፍ የሚለው። እሹሩሩ በዪለት፣ ተረት ንገሪው፣ ቤት የሚመታ ግጥም ደጋግመሽ አሰሚው። ጆሮው ድምፅ መለየት ሲለምድ በኋላ ፊደል ሲመጣ ይቀለዋል። «ኳሱን አምጣልኝ» ስትዪው የማይገባው፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ ገና የማይራመድ ከሆነ፣ ወይም ይችለው የነበረውን ነገር ከተወ፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ ለሕፃናት ሐኪም አሳዪው። ካልሆነም በ2 ዓመቱ ለቫይታሚን ኤ ጤና ጣቢያ ስትወስጂው ስለ ዕድገቱም ጠይቂያቸው፣ ሚዛን ላይ አውጥተው ብቻ እንዳይሸኙሽ።

ስለ ንግግሩ ግን ምንም አልጻፍሽም። ስንት ቃል ይላል? የሚፈልገውን በጣቱ ጠቁሞ ያሳይሻል? እሱን መልሺልኝ፣ ማታ ገብቼ አየዋለሁ።