ስለ ሰሜን አላስካ ካርታዎች፦ ጥያቄና መልስ

ከብሩክስ ተራሮች እስከ አርክቲክ ውቅያኖስ ስላለው ምድር የመጡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰው የማይኖርበትን ያንን አገር ማን ካርታ ሠራለት?

መልስ፦ ሰውማ አለ። ኢኑፒያቶች የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ከጥንት ጀምሮ ይኖሩበታል። በመሣሪያ ለክቶ ያሳተመው ግን አሜሪካዊው የጂኦሎጂ ባለሙያ ኧርነስት ሌፊንግዌል ነው። ከ1906 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ፍላክስማን ደሴት ላይ እየከረመ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻና በጀልባ እየዞረ የካኒንግ ወንዝን አካባቢ ለካ። ሥራው በ1919 ታተመ። እኔን የሚገርመኝ ግን መሬት ውስጥ የተቀበረውን የበረዶ ሽብልቅ ማስረዳቱ ነው። በብርዱ ወራት መሬቱ ይሰነጠቃል። በረዶ ሲቀልጥ ውሃው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይጋገራል። በየዓመቱ እንዲህ እየወፈረ ይሄዳል። ቱንድራው፣ ማለትም ዛፍ የማያበቅለው ቀዝቃዛ ሜዳ፣ ከላይ ሲታይ በመደብ በመደብ የተከፋፈለ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ወንዙ ካርታው ባሳየኝ ቦታ የለም። ጂፒኤሴ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ጂፒኤስህ ጤነኛ ነው። ባለ 1፡63,360 ካርታ፣ ማለትም አንድ ኢንች ለአንድ ማይል፣ በአብዛኛው በ1950ዎቹ አካባቢ ከአውሮፕላን በተነሣ ፎቶ የተሠራ ነው። እዚያ ብዙዎቹ ወንዞች በጠጠር ላይ ተበታትነው ነው የሚፈሱት። በረዶው ሲሰበር ጎርፉ ዋናውን ቦይ ወዲያ ማዶ ይወስደዋል። ሸለቆውን እመን፣ ቦዩን ግን ሄደህ እይ።

ጥያቄ፦ ሐምሌ ላይ ወንዙ መሀል ሰፊ በረዶ አየሁ። ግላሲየር (ከተራራ የሚወርድ ዘላለማዊ የበረዶ ግግር) ነው?

መልስ፦ አይደለም። በብርዱ ወራት የምንጭ ውሃ እየወጣ ድርብርብ ሆኖ ሲጋገር የሚፈጠር ነው። በጀልባ የምትሄዱ ግን አደራ! ወንዙ ከሥሩ ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሳተላይት እያለ ምን ችግር አለ?

መልስ፦ ብዙ ተሻሽሏል። አርክቲክዴም የሚባለው የከፍታ መረጃ በየ2 ሜትሩ ነው። የሚሠራው ከሁለት አቅጣጫ የተነሡ ፎቶዎችን በማመሳሰል ነው። ውሃ ላይ ግን የሚመሳሰል ምልክት ስለሌለ ቁጥሩ ይዘባርቃል። ደመናም ፎቶውን ይጋርዳል፤ ራዳር ግን ደመናን አልፎ ያያል። አላስካ ከ2010 ጀምሮ በአውሮፕላን ራዳር የተለካችው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ በብሩክስ ተራሮች ከፍተኛው ተራራ የትኛው ነው?

መልስ፦ ኢስቶ። የድሮ ካርታዎች እርስ በርስ አይስማሙም ነበር፤ አንዱ ኢስቶን፣ ሌላው ቻምበርሊንን ያስበልጣል። በ2016 የታተመ፣ ከአውሮፕላን የተደረገ ልኬት ነው የገላገለን።

ጥያቄ፦ ካርታው ጥግ ላይ የተጻፈውን የኮምፓስ ማስተካከያ (መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን የሚያፈነግጥበትን ዲግሪ) ልጠቀምበት?

መልስ፦ በፍጹም። ከ1950ዎቹ ወዲህ እዚያ አካባቢ ከ10 ዲግሪ በላይ ተቀይሯል። አዲሱን አይተህ በእስክሪብቶ ጻፍበት።