የወጣቶች የመተዋወቂያ ጨዋታ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 30 የማይተዋወቁ ወጣቶች ይመጡልናል። በምን እንጀምር?

መልስ፦ ሁሉንም በአንድ ክብ አቁማችሁ ራሳቸውን አታስተዋውቁ። ለእያንዳንዱ ግማሽ ደቂቃ ብትሰጡ 15 ደቂቃ ያልቃል፤ ተራውን የሚጠብቅ ልጅም የሚለውን በሆዱ ሲያሰላ የሌላውን ስም አይሰማም። አሥር አሥር አድርጋችሁ በሦስት ክብ ክፈሏቸውና ለየክቡ አንድ የካልሲ ኳስ ስጡ። በመጀመሪያው ዙር ወርዋሪው የራሱን ስም ይናገራል፤ በሁለተኛው የተቀባዩን ስም ጠርቶ ይወረውራል። ሲለምዱት ሁለተኛ ኳስ ጨምሩ። ስም የጠፋበት ይጠይቅ፤ ቅጣት አይኑር። ጠንካራ ኳስ አትጠቀሙ፤ ልጁ ፊቱን ሲከላከል የሰው ፊት አያይም።

ጥያቄ፦ እጅ ለእጅ ተያይዞ ቋጠሮ መፍታት አንዳንዴ ጨርሶ አይሆንልንም። ምን አጥፍተን ነው?

መልስ፦ ምናልባት ምንም። ከ8 እስከ 10 ሰው ይቁም። ቀኝ እጅ ከአጠገብ ያልሆነን ሰው ይያዝ፣ ግራው ደግሞ ሌላ ሰው፤ ከዚያ እጅ ሳይለቁ ተፈትተው አንድ ክብ ለመሆን ይሞክሩ። በትክክል ተያይዞም ቢሆን ሁለት የተጠላለፉ ክቦች ወይም የማይፈታ ቋጠሮ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ 10 ደቂቃ ወስኑ፤ ከዚያ ቡድኑ ራሱ መርጦ አንድ መያያዣ ይልቀቅና እንደገና ይያዝ። ከ12 ሲበልጡ መሃል ያሉት ይጨናነቃሉ። ጣት መቆላለፍ ክልክል ነው፤ መዳፍ ካልዞረ አንጓ ይጠመዘዛል።

ወንድና ሴት እጅ መያያዝ ካሳፈራቸው በየመሃሉ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ገመድ ወይም ሻሽ ይያዙ። እንዲያውም ለሁሉም እንዲህ ቢሆን ይሻላል፤ ለእጅም ያርፋል።

ጥያቄ፦ ሳይነጋገሩ በልደት ቀን መሰለፍን ውጭ አገር ካደጉ ልጆቻችን ጋር ስንጫወት ሰልፉ ተመሰቃቀለ።

መልስ፦ የቀን መቁጠሪያውን አስቀድማችሁ አልተናገራችሁም ይሆናል። በእኛ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13 ወር ነው፤ መስከረም አጋማሽ ላይ የተወለደ ልጅ በእኛ ከሰልፉ ራስ፣ በጎርጎርዮሳዊው ግን ወደ ጭራው ይቆማል። ልደቱን የማያውቅ ካለ በስማቸው የፊደል ብዛት አሰልፏቸው። በቁመትና በክብደት ፈጽሞ አይሁን፤ በዚህ ዕድሜ ያቆስላል።

ጥያቄ፦ እንቆቅልሽስ ይሆናል?

መልስ፦ በጣም! «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ» ማለትን ብዙዎች ስለሚያውቁት ማስረዳት አይፈልግም። መላሹ ቡድን ሲያቅተውና «አገር ስጠኝ» ሲባል፣ ከመካከላቸው አንዱ ያደገበትን ከተማ ይስጥ፤ ስለ ከተማውም አንድ ነገር ይናገር። የተሸነፈን መተረብ ግን ለተዋወቁ ሰዎች ይቆይ።

ጥያቄ፦ ዳር ቆሞ የሚቀረውን ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሰዓት ያዥ አድርጉት። ከአንድ ዙር በኋላ ሰው ሳይሰማ «ትገባለህ?» በሉት፤ እንቢ ካለ ሰዓቱ እጁ ላይ ይቆይ።