ቤዙ ሲመታ የሚጠፋው የጌም ሳጥን

ከጅማ ፈረንጅ አራዳ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ሥራህን ወድጄዋለሁ። በዋንዛ ሳጥን ውስጥ አሮጌ ባለ 21 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ራዝቤሪ ፓይ 3 የሚባለውን መዳፍ የምታህል ኮምፒውተር፣ ባለ 5 ቮልት ትንሽ አምፕሊፋየርና ሁለት ስፒከር ገጥመሃል። ልጆቹ ጌም ሊጫወቱበት፣ አባትህ ደግሞ እንደ ድሮው ጁክቦክስ ቁልፍ ተጭነው የሸክላ ዘመን ዘፈናቸውን ሊሰሙበት። ሳጥኑን ፎቶው ላይ አይቼዋለሁ፤ የጅማ አናጢ እጁ አይታማም። ችግሩ ከውስጥ ነው፦ ድምፁ ዝቅ ሲል ጌሙ ይሠራል፣ ዘፈን ከፍተህ ቤዙ ሲመታ ግን ድርግም ብሎ ከዜሮ ይነሳል። ስክሪኑ ላይ ሥዕል በተቀያየረ ቁጥርም ስፒከሩ «ጢዝዝ» ይላል። አንዱ ሠሪ ሚሞሪ ካርዱን ሦስቴ አስቀየረህ።

ሚሞሪው ምንም አላጠፋም። ግምቴ ፓይውና አምፑ (አምፕሊፋየሩ) ከአንድ የሞባይል ቻርጀር፣ በአንድ ቀጭን ገመድ እየተሻሙ ነው የሚል ነው። እርግጠኛ ያደረገኝ መጨረሻ ላይ «የጌሙ ጌጥ ትሆናለች» ብለህ የጠቀስካት፣ ከስክሪኑ ቀኝ ጥግ ከላይ ብልጭ የምትለዋ ቢጫ መብረቅ ናት። ጌጥ አይደለችም። ፓይው የሚደርሰው ቮልት ከ4.63 ሲወርድ የሚያወጣት ምልክት ናት።

ምንም ከመንካትህ በፊት ግን ቴሌቪዥኑ። ፕላስቲኩን አውልቀህ ራቁቱን ነው የገጠምከው። የከለር ቲዩብ፣ ማለትም ሥዕሉ የሚወጣበት ትልቁ ብርጭቆ፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል። ተለማማጅ ሳለሁ አንዱ ክንዴን መትቶ ከመደርደሪያ ጋር አላትሞኛል። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፣ ሶኬቱን ንቀል። የረጅም ካቻቢቴ ብረት ላይ ሽቦ እሰር፤ የሽቦውን ሌላ ጫፍ በቲዩቡ ጀርባ ላይ ከተዘረጋው የተጎነጎነ እርቃን ሽቦ ጋር አገናኝ። ከዚያ ካቻቢቴውን ቲዩቡ ላይ ከተለጠፈው የጎማ ቆብ ሥር አስገባ፣ አንድ እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ጧ ይላል። አሥር ደቂቃ ቆይተህ ድገመው፣ ቲዩብ ተመልሶ ይሞላል። ይህን ሠርተህ የማታውቅ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ጥራ፤ ይሄ የሚሞከር ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ገመዱ። ሰው ሁሉ የሚረሳው ነገር ስላለ ትንሽ ልዘግይበት። ፖዘቲቩን «ኤሌክትሪክ የሚመጣበት» ይሉታል፣ ኔጌቲቩን እንደ ትርፍ ያዩታል። የሄደው ሁሉ ግን በኔጌቲቩ ይመለሳል፤ መንገዱ ሁለት ነው። የርካሽ ቻርጀር ገመድ ውስጡን ብትልጠው ሽቦው ከፀጉር ብዙም አይወፍርም፤ እንዲህ ያለው በሜትር 0.2 ኦም አካባቢ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚገታ ተቃውሞ) አለው። ያንተ ሜትር ተኩል ነው፣ ደርሶ መልስ 3 ሜትር፣ 0.6 ኦም በለው። ቤዙ ሲመታ ፓይውና አምፑ አንድ ላይ 2 አምፔር ቢስቡ 1.2 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከ5 የሚደርስህ 3.8 ነው። ሁለት ቤት በአንድ ቀጭን ጎማ ከአንድ ሮቶ ውሃ ሲስብ አስብ፤ አንዱ ልብስ ሲያጥብ ሌላው ሳሙና ፊቱ ላይ ደርቆ ይቀራል። ጢዝታውም ከዚሁ ነው። ኔጌቲቩ ላይ የቀረው ቮልት ከፓይው ፍጆታ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ አምፑ የድምፁንም የፓወሩንም መመለሻ በዚያው ሽቦ ስለሚጋራ ያንን መንቀጥቀጥ ዘፈን መስሎት ያጎላዋል። ሁለቱም ችግርህ አንድ ሽቦ ነው ማለት ነው።

ማረጋገጥ ከፈለግህ ከፓይው 4ኛና 6ኛ ፒን (ከቆሙት ትናንሽ የብረት እግሮች) ሁለት የጃምፐር ሽቦ አውጥተህ ቴስተር ግጠም። የቴስተሩን ጫፍ ፒኑ ላይ በቀጥታ አትያዝ፤ ተንሸራትቶ 5 ቮልቱ ከጎረቤት ፒን ጋር ከተነካካ ፓይው አለቀለት። ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈትና ቁጥሩን ተመልከት፤ ከ4.63 ከወረደ ግምቴ ልክ ነው።

መፍትሔው ለፓይው ብቻ የሚሆን ትክክለኛ 5 ቮልት 2.5 አምፔር አዳፕተር፣ ገመዱ አጭርና ወፍራም። ለአምፑ ሌላ 5 ቮልት 2 አምፔር። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን አምፔር አትመን፤ በእጅህ ስትመዝነው እንደ ባዶ ክብሪት የሚቀልህን ለሻጩ መልስለት። አምፑ መግቢያ ላይ 1000 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት ካፓሲተር ጨምር፣ ነጭ መስመር ያለበት እግሩ ወደ ኔጌቲቭ።

ሠሪው ጠምዝዞ በናስትሮ የጠቀለላቸውን መጋጠሚያዎች ሁሉ ፍታ። በፎቶው ላይ አምስት ቆጠርኩ፣ አንዱ ናስትሮ ተልጦ ተንጠልጥሏል። ጅማ ክረምቱ እርጥብ ነው፤ የተጠመዘዘ መዳብ ሁለት ክረምት ሳይሞላው አረንጓዴ ያወጣል። በሊድ በይዳቸው፣ ሙቀት ሲነካው የሚኮማተር ቱቦ አልብሳቸው።

ለሙቀቱ ከሥርና ከላይ ቀዳዳ አብጅ፣ የልጅ ጣት የማያስገባ። የኋላውን ክዳን በማጠፊያ ሳይሆን በቪቴ እሰረው፤ ከውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ራቁቱን ነው።

አዳፕተሮቹን ለይተህ ጢዝታው ካልለቀቀህ የድምፁን ገመድ ከቲዩቡና ከፍላይባኩ (ለቲዩቡ ከፍተኛውን ቮልት ከሚያመነጨው ትራንስፎርመር) አርቀህ በሌላው ጎን አሳልፈው። ከዚያም እምቢ ካለ የውስጡን ፎቶ ላክልኝ። ስታነሳው ሶኬቱን ነቅለህ፣ እጅህንም ሳታስገባ።