ልጆቼን እንደ በግ የሚነዳው ውሻ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የምንኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። አምና ለልጆቻችን የአውስትራሊያን ሸፐርድ ቡችላ ገዛን። አሁን አድጎ አስቸግሮናል። ልጆቹ መሮጥ ሲጀምሩ ዙሪያቸውን ይከባል፤ ካልቆሙለት ተረከዛቸውን ነከስ ያደርጋል። ደም ባይወጣም የትንሿ ልጄ ካልሲ ተቀዷል። ገጠር ያደገው ባለቤቴ «የእኛ ቤት ውሻ በግ አይነካም ነበር፤ ይህ ክፉ ነውና ይሂድ» ይላል። ምን ይሻላል?

እናት ነኝ፣ ከኮሎራዶ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ውሻችሁ ክፉ አይደለም፤ ሥራ ፈትቶ ነው። ባለቤትዎ ስለ ገጠሩ ውሻ ያሉት ግን ልክ ነው፤ በአገራችን ገጠር የውሻ ሥራ ጥበቃ ነው፤ ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ከብቱን የሚነዳው ግን እረኛው ነው። የእናንተው ራሱ ነጂ ነው። ስሙ አውስትራሊያ ይበል እንጂ ዝርያው የዳበረው በምዕራብ አሜሪካ የከብትና የበግ እርባታዎች ነው። እዚያ የተነጠለውን ዞሮ ይመልሳል፣ እምቢ ያለውን ወይፈን ተረከዙን ነክሶ ያስኬዳል። ከተኩላ የወረሰውን የአደን ጠባይ አርቢዎች ትውልድ በትውልድ እየመረጡ መክበቡንና ማባረሩን አጎለበቱ፣ መግደሉን አዳከሙ። ስለዚህ የሚሮጥ ልጅ ለእሱ የተበተነ መንጋ ነው።

አይምቱት፤ ዱላ ጭንቀቱን ያባብሰዋል። ልጆቹ ሲከባቸው ሳይጮኹ እጃቸውን አጣጥፈው ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ የቆመ አይነዳም። ወዲያው አዋቂ ይጥራውና መጫወቻ ይስጠው። እስኪለምድ ድረስ በጨዋታ ሰዓት በማሰሪያ ይያዝ፤ ከትንሿ ጋር ብቻውን ፈጽሞ አይተው።

ብዙዎች «አሩጡት» ብለው ይመክራሉ። ሩጫ ያስፈልገዋል፤ ሩጫ ብቻ ግን ጉልበቱን ያጠነክራል እንጂ አያረካውም። የሚያረካው ማሰብ ነው። ምግቡን በሳህን ከማቅረብ ይልቅ ክፍል ውስጥ ደብቃችሁ እያሸተተ ይፈልገው። ዕቃን በስሙ ማምጣትን፣ በትእዛዝ መተኛትንና መቆየትን ጠዋትና ማታ አስተምሩት። በግ ያላቸው አሠልጣኞች አካባቢያችሁ ካሉ ውሰዱት፤ ሲሠራ ያዩት ባለቤትዎ ሐሳባቸውን ሊለውጡ ይችላሉ።

በየቀኑ ጠዋትና ማታ ጊዜ መስጠት ካልቻላችሁ ግን፣ ልጆቹ ቢያለቅሱም፣ ሥራ ላለው ቤት አሁኑኑ መስጠቱ ይሻላል። በዝርያው ላይ የሚሠሩ የውሻ አሳዳጊ አፈላላጊዎች አሉ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ብዙ የዚህ ዝርያ ውሾች ለእንስሳት ትል የሚሰጠው አይቨርሜክቲን በከፍተኛ መጠን ሲገባ ወደ አንጎላቸው እንዳያልፍ የሚከላከለው ዘረመል ላይ ጉድለት አለባቸው፤ ሊገድላቸው ይችላል። የውሻችሁን ሁኔታ ሐኪሙ በዘረመል ምርመራ ያረጋግጥላችሁ። እርባታ ቦታ ስትወስዱትም መድኃኒቱን በቅርቡ የወሰደ ፈረስ ወይም በግ ፋንድያና በጠጥ እንዳይበላ ጠብቁት።