ጨረቃን የሚያሳይ ሰዓት ለምትነድፉ ወጣቶች

ከእናንተ አንዱ «ለጨረቃ ማሳያ የሚሻለው ባለ 59 ጥርስ ጎማ ነው ወይስ ባለ 135?» ብሎ ጠይቆኛል። ከሙሉ ጨረቃ እስከ ሙሉ ጨረቃ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ስለሆነ፣ ሁለት ጨረቃ የተሣለበትና በቀን አንድ ጥርስ የሚገፋ ባለ 59 ጎማ በየጨረቃው 44 ደቂቃ ይቀድማል፤ በሁለት ዓመት ከሰባት ወር ገደማም አንድ ቀን ይስታል። ባለ 135ቱ አንድ ቀን ለመሳት ከ120 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። 59 ይበቃችኋል፤ እኔ ብሠራው ግን 135 አደርገው ነበር።

ጥያቄው የቀሰቀሰብኝ ቁጭት ግን ከጥርስ ጋር አይገናኝም። ፒያሳ በአንድ ሰዓት ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ አንድ መሪጌታ ከአውሮፓ የመጣ ረጅም የቁም ሰዓት ሊያስጠግኑ አመጡ። የጨረቃውን ሰሌዳ የሚገፋው ጣት ተበልቶ ነበርና ቀይሬ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ጨረቃዋን በዕለቱ ቦታዋ አቆምኳት። መሪጌታ የዓመቱን አበቅቴ፣ ማለትም በባሕረ ሐሳብ የጨረቃ ዕድሜ የሚሰላበትን ቁጥር፣ ይዘው የጨረቃዋን ዕድሜ በጣታቸው ቆጠሩና ቀኑ ልክ መሆኑን አረጋገጡልኝ። ከዚያ ሰሌዳውን ትኩር ብለው አይተው፣ «ቀኑስ ደኅና ነው፤ ይህች ግን የእኛ ጨረቃ አይደለችም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። አውሮፓዊው ሠዓሊ ለጋ ጨረቃን የሚያውቃት ቆማ፣ ብርሃኗ በቀኝ ጎኗ ሆኖ ነው፤ እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ምሽት በምዕራብ የምናያት ተንጋልላ፣ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ ነው። በዚያ ላይ ጨረቃዋ የምትታይበትን መስኮት ግራና ቀኝ የሚከልሉት ሁለት ጉብታዎች፣ ጨረቃዋ ከግማሽ ካለፈች በኋላም እንደ ተገመጠ ዳቦ ያሳዩዋታል።

አዲስ ፊት ልሠራላቸው ብመኝ አሠሪዬ «የተበላሸውን ብቻ ጠግን» አለኝ፤ መሪጌታም ሰዓታቸውን አስጭነው ሄዱ። መፍትሔው በፕራግ አደባባይ የሥነ ፈለክ ሰዓት ላይ ሲዞር መኖሩን ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው፤ ግማሽ ጎኗ የጠቆረ፣ ግማሽ ጎኗ በብር የተለበጠ ትንሽ ኳስ። ያችን ኳስ በአግድም ዘንግ ላይ አድርጌ ብሠራላቸው ኖሮ ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ ይሞላላቸው ነበር። ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

እናንተ ከእኔ ይልቅ መሣሪያም ዕውቀትም ሞልቶላችኋል፤ ነገር ግን የጨረቃን ሥዕል ከስልክ ቀድታችሁ ትለጥፋላችሁ እንጂ ደጅ ወጥታችሁ ቀና አትሉም። የጨረቃዋ አጋደል ከወቅት ወደ ወቅት ስለሚለያይ፣ እንዲህ ያለ ኳስ ከሠራችሁ ዘንጉን አጣብቃችሁ አታስሩት፤ ማዘንበያ ብሎን ተዉለት።