ስለ አባትሽ እግር

እህቴ፣ አባትሽ ከገጠር መጥተው አንቺ ጋ ማረፋቸውን፣ እግራቸው ካበጠ ዓመታት እንደሆነው፣ «ዝሆኔ ነው» መባላቸውን ጽፈሻል። ልጆችሽ አብረዋቸው ቢተኙ ይተላለፍ እንደሆነም ጠይቀሻል። አይተላለፍም። አብረው ይብሉ፣ አብረው ይተኙ። ምሥራቅ ጎጃም ያለችው እናቴ ይህን የሚነግርላት ስላጣች ጎረቤት በተለየ ኩባያ ነበር ቡና የሚሰጣት። ከእብጠቱ ይልቅ እሱ ነው የጎዳት።

በደጋው ቀይ አፈር አካባቢ የሚበዛውን ዝሆኔ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ትልም ትንኝም የለበትም። ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ የአፈሩ ብናኝ በቆዳ ይገባና የሰውነትን ፈሳሽ ከእግር የሚመልሱትን የሊምፍ ቱቦዎች ያቆስላል። ፈሳሹ መመለሻ አጥቶ እግር ላይ ይቀራል። ተጋላጭነቱ በዘር ሊመጣ ይችላል፤ ከልጅነቱ ጫማ ያደረገ ግን አይሰጋም። እንደ ጋምቤላ ባለ ቆላ ትንኝ የሚያስተላልፈው ሌላ ዝሆኔ አለ። ልብና ኩላሊትም እግር ያሳብጣሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው።

ከዚያ በኋላ ሥራው የቤት ነው፣ የየዕለት ነው። እግሩን በንጹህ ውሃና በሳሙና እጠቢ። ጤና ጣቢያ በረኪና ጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ያሳዩሻል። መጠኑን ከእነሱ ያዢ፣ ከበዛ ቆዳ ያቃጥላል። በጣቶቹ መሀል እርጥበት እንዳይቀር በደንብ አድርቂ፤ እኛ መጀመሪያ ይህን ችላ ብለን ቁስሉ እምቢ ብሎን ነበር። ቀጥሎ ቫዝሊን፣ ንጹህ ካልሲ፣ ሰፊ ጫማ። ፋሻውን ማሰር ከባለሙያ ተማሪ። ሲቀመጡም ሲተኙም እግራቸው ከፍ ይበል።

የእናቴ እግር ሽታው በሳምንታት ጠፋ። እብጠቱ ግን ቀስ እያለ ነው የቀነሰው፣ ጠንክሮ የቆየው ቆዳም እስካሁን አለ። ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው። ድሮ በየወሩ እየተነሳ በትኩሳትና በብርድ ብርድ አልጋ ላይ የሚጥላት ሕመም ዘንድሮ አንዴ ብቻ መጣ። አባትሽም እንዲህ ካደረጋቸው ፋሻውን ፍቺ፣ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ አቀዝቅዢ፣ ይረፉ፣ ፈሳሽ ይጠጡ። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሊያስፈልጋቸው ስለሚችል ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። እግሩን ማንም በምላጭ እንዳይበጣቸው።

ቤተ ክርስቲያን የሚስሙ ከሆነ ጫማ ማውለቃቸው አይቀርም። እናቴ ወፍራም ካልሲ አድርጋ ትገባለች፣ ስትመለስ ወዲያው እንታጠባለን።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስሽ እጠቢላቸው። እምቢ ይሉሻል። እናቴም እግሯን በነጠላዋ ሸፍና «ተዪኝ ልጄ፣ ይሸትሻል» ትለኝ ነበር። አልተውኳትም። አራተኛው ቀን ላይ ሳፋውን ራሷ አቀረበች።